ያገለገለ ዴክ ስትገዙ ሆትስፖታችሁን ከፍታችሁ ሞክሩት

ባሕር ዳር ውስጥ ዩቲዩብ ያለው ያገለገለ የብሉሬይ ዴክ ለመግዛት ያሰባችሁ፣ ካርቶኑ ላይ ያለውን አርማ አትመኑ። ሻጩ ዲስክ አጫውቶ ስላሳያችሁም አይበቃም። የስልካችሁን ሆትስፖት ክፈቱ፣ ዴኩን አገናኙትና እዚያው ሱቅ ውስጥ አንድ ቪዲዮ ሲጫወት እዩ። ስልካችሁን ካላገኘው ሆትስፖቱን ከ5 ወደ 2.4 ጊጋኸርዝ ቀይሩት፤ የቆዩ ዴኮች ብዙ ጊዜ የሚያዩት 2.4ን ብቻ ነው። «ዋይፋይ ሬዲ» የሚለው ጽሑፍም ያሳስታል። አብዛኛውን ጊዜ ዋይፋዩ ውስጡ የለም፤ ለብቻው የሚሸጥ፣ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ዕቃ ይፈልጋል ማለት ነው።

ዲስክ አንባቢው እስኪበላሽ ድረስ ይሠራል። መተግበሪያው ግን አምራቹ ማደስ ሲያቆም አብሮ ያበቃለታል። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2015 ብዙ የቆዩ ዴኮችና ቴሌቪዥኖች ላይ መሥራት ያቆመው በዚህ ምክንያት ነው። ሱቁ ውስጥ ስትሞክሩት ዩቲዩቡ እምቢ ካለ በተራ ዴክ ዋጋ ተደራደሩ፣ ሻጩ «አፕዴት ሲደረግ ይሠራል» ቢላችሁም።

ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ጀርባውን ገልብጡና ቮልቱን አንብቡ። 120 ብቻ የሚል ከሆነ የኛ 220 ያቃጥለዋል። የሠርጋችሁንም ዲስክ ይዛችሁ ሂዱ፤ እኛ ጋ በአብዛኛው ፓል በሚባለው የቪዲዮ ሥርዓት ነው የሚቀረጸው፣ የአሜሪካ ዴክ ደግሞ ብዙ ጊዜ የአሜሪካው ሥርዓት፣ ኤንቲኤስሲ፣ ካልሆነ አያነብም።

ቴሌቪዥናችሁ ስማርት ከሆነ ግን ለዩቲዩቡ ብላችሁ ጭማሪ አትክፈሉ፤ ተራው ዴክ ይበቃችኋል።