የበቀቀን ጎጆ ሳይረብሹ እንዴት ይታያል? ድሬዳዋ ላላችሁ

አናቱ ላይ ላባ የሚያቆመውን ኮካቱን በቪዲዮ ያየ ሁሉ «እኛ ጋስ የለም?» ይላል። በዱር የለም፤ አገሩ አውስትራሊያና ኒው ጊኒ አካባቢ ነው። ዘመዱ ግን አለ። ከድሬ ወጣ ብሎ ባለው የግራር ቆላ ትንሽ በቀቀን ይኖራል። የወንዱ ሆድ ብርቱካናማ፣ የሴቷ አረንጓዴ ነው። ይህን ልዩነት በደንብ ያዙ፣ ኋላ ትፈልጉታላችሁ።

መጀመሪያ ሰዓት። ጠዋት 12 ሰዓት ቦታው ላይ ድረሱ። ከሰዓትማ በድሬ ሙቀት እንኳን ወፉ ሰውም ጥላ ይዞ በርጫው ላይ ነው።

ቀጥሎ ጎጆውን ፈልጉ። ግራር ላይ የተንጠለጠለውን የሣር ጎጆ እለፉት፣ የሌላ ወፍ ነው። በቀቀን ሣር አይሸምንም። ያረጀ ግንድ ላይ ያለ ቀዳዳ ወይም ኩይሳ ነው የሚይዘው። ኮካቱም የዛፍ ቀዳዳ ነው የሚፈልገው።

ቀዳዳውን ስታገኙ አትጠጉ። እኔ አንዴ በስልክ ፎቶ ላነሳ ዛፉ ሥር ሄጄ፣ ጥንዶቹ ማዶ ዛፍ ላይ ሆነው እስክወጣ ድረስ ጮኹብኝ። ራቅ ብላችሁ ጥላ ውስጥ ተቀመጡ። ባይኖኩላር ካለ በጣም ጥሩ።

አሁን ማንበብ ነው። ባለ ብርቱካናማው ብቻውን እየተመላለሰ ሴቷን በአፏ የሚያጎርሳት ከሆነ፣ እሷ እንቁላል ታቅፋለች ማለት ይሆናል። በዚህ ወገን የምትታቀፈው ሴቷ ናት፤ እሱ ቀላቢ ነው። ነጮቹ ኮካቱዎች ግን እናትም አባትም ተራ ይገባሉ። እነሱን ለመለየት ዓይን ማየት ነው፦ የወንዱ ጥቁር፣ የሴቷ ቀላ ያለ ቡናማ። ትልቁ ጥቁር ኮካቱማ ጉድ ነው፣ ወንዱ እንጨት ሰብሮ ግንዱን እንደ ከበሮ ይመታበታል። የኛው እንዲህ ያለ ሙያ የለውም።

ጫጩቶች ላባ ሳያወጡ፣ ዓይናቸው ሳይገለጥ ነው የሚፈለፈሉት። በአንድ ቀን ስለማይወጡ ታላቅና ታናሽ አላቸው። ሁለቱም ወላጆች አብረው ለቀለብ መውጣት ሲጀምሩ ልጆቹ ጠንክረዋል ማለት ነው። ያኔ ቀን አትዝለሉ። ቦታውን ፌስቡክ ላይ አታውጡ፣ ጫጩት የሚሸጥ ሰው ያነበዋል። አንድ ጠዋት ከቀዳዳው አፍ ትንሽ ጭንቅላት ብቅ ትላለች።