ጥቅልል ፀጉር ያላችሁ፣ ደረቁን አታበጥሩት

ፀጉራችሁ ጥቅልል ወይም ከርዳዳ ከሆነና ባበጠራችሁ ቁጥር ማበጠሪያው ላይ ብጥስጣሽ የሚቀር ከሆነ፣ ደረቁን ማበጠር ተዉ። ሻምፑውን ካስለቀቃችሁ በኋላ ኮንዲሽነር በደንብ ቀቡትና ሳታለቀልቁት እዚያው ሻወር ውስጥ እንዳላችሁ አፍታቱት። መጀመሪያ በጣት፣ ከዚያ ጥርሱ ሰፋ ባለ ማበጠሪያ።

አራት ቦታ ክፈሉትና ሁልጊዜ ከጫፍ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ሥር ውጡ። ዋናው ነገር ይሄ ነው! ከሥር ከጀመራችሁ ትንንሾቹ ቋጠሮዎች ወደ ታች እየተገፉ አንድ ቦታ ይከማቹና የማይፈታ ትልቅ ቋጠሮ ይሆናሉ፣ ያኔ ወይ መበጠስ ነው ወይ መቀስ። ከቋጠሮው በላይ ያለውን ፀጉር በሌላ እጃችሁ ያዝ አድርጉት፣ ሥሩ አይጎተትም። ሲበጠሩ ለሚያለቅሱ ልጆች ደግሞ ይሄ ብቻውን ትልቅ እፎይታ ነው። ኮንዲሽነሩ ፀጉሩን ስለሚያሟልጨው አንዱ ከሌላው ጋር እየተፋተገ አይጎዳም።

ፀጉራችሁ ሉጫ ከሆነ ግን ይሄን አትሞክሩት። እርጥብ ፀጉር ስለሚለጠጥ በቀላሉ ይበጠሳል፤ እናንተ ትንሽ ጠፈፍ እስኪል ጠብቁና አበጥሩት።