ሳንቲም ላይ የተደረበ ማኅተም እንዴት ይነበባል?

የጥንት ግሪክ ከተሞች የነሐስ ሳንቲም ላይ አንዳንዴ ሌላ ትንሽ ማኅተም ተደርቦ ይገኛል። ብዙ ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ለገጣፎ ወርቅና ብር ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ለእኔ ዋናው ወሬ ያለው እዚያች ጉድጓድ ውስጥ ነው።

በመጀመሪያ አታጽዱት። ሎሚና ሽቦ ወዲያ! አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ማንሳት ይበቃል። ነጣ ያለ አረንጓዴ ዱቄት ከታየበት ነሐሱ እየተበላ ነውና ከሌሎቹ ለይታችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። የእኛ ሰፈር ክረምት ደግሞ አይጣል ነው። ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አትጣሏት።

ከዚያ ገልብጡት። ማኅተሙ በመዶሻ ሲመታ ሳንቲሙ መስፍ ላይ ስለሚያርፍ፣ ልክ ከኋላው ያለው ሥዕል ይጨፈለቃል። እኔም የካራት ቁጥር ስመታ የማየው ነገር ነው። ጀርባው ምንም ካልሆነ ጠርጥሩ። የጉድጓዱ ውስጥ ቀለም ከዙሪያው ተለይቶ የሚያብረቀርቅ ከሆነም ምቱ የቅርብ ጊዜ ነው።

አሁን መብራት አጥፉና የስልካችሁን ባትሪ ከጎን አብሩበት። ሳንቲሙን ቀስ እያላችሁ አዙሩት፤ ጥላው መስመሩን ያወጣዋል። ያያችሁትን በእርሳስ ሣሉት። ንብ የኤፌሶን፣ ጽጌረዳ የሮድስ፣ የሮማን ፍሬ የሲዴ (በዛሬዋ ቱርክ የነበረች የግሪክ ከተማ) ምልክት ነው። ሳንቲሙ የአንድ ከተማ፣ ማኅተሙ የሌላ ሊሆን ስለሚችል ለየብቻ መዝግቡ። አንዳንዱ ማኅተም የቆየውን ሳንቲም «አሁንም ይሠራል» ይላል፤ አንዳንዱ የባዕዱን ይቀበላል፤ አንዳንዱ ዋጋ ይቀይራል። ሳንቲሙ አልቆ ማኅተሙ ስል ከሆነ፣ ከመመታቱ በፊት ብዙ እጅ ዞሯል ማለት ነው።

ጀርመን ያለው የእህቴ ልጅ ከጨረታ ገዝቶ ያመጣልኝ የሲዴ ሳንቲም በሮማው ንጉሠ ነገሥት ጋሊየኑስ ዘመን (253–268 እ.ኤ.አ.) የተመታ ነው። ማኅተሙ ኤፕሲሎን የተባለው የግሪክ ፊደል፣ ያውም ክቡ፣ ብቻ ነው፤ 5 ማለት ነው። የግእዝ ቁጥሮች ከግሪክ ፊደል ስለመጡ ፭ን የሚያውቅ ዓይን ብዙ አይቸገርም።

በወርቅ ሚዛን መዝኑት፣ ስፋቱን ለኩ፣ ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሡ። እዚሁ አገር ከመሬት የወጣ ሳንቲም ካጋጠማችሁ ግን፣ የአክሱም ነገሥታትም በግሪክኛ ጽፈዋልና፣ የተገኘበትን ቦታ ሳትነካኩ ለቅርስ ባለሥልጣን አሳውቁ።