ሞተሪኖው ይዞራል፣ መኪናው አይነሳም፦ የኢሞቢላይዘር ችግርና መፍትሄ

በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ደብረ ብርሃን ላይ አልነሳ ያለ መኪና ብርቅ አይደለም። ከተማዋ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ሌሊቱን ውርጭ ያድራል፣ ባትሪውም አርጅቷል። የሰፈር ልጆች ይገፋሉ፣ መኪናው ይነሳል፣ ሁሉም ወደ ሥራው ይሄዳል።

አንዳንዱ ግን ቢገፉትም እምቢ ይላል። ሞተሪኖው (ማስነሻው) እንደ ልብ ይዞራል፣ ነዳጅ አለ፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ያኔ ሰፈሩ ሁሉ መካኒክ ይሆናል። አንዱ «ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል» ይላል። ሌላው «ቁልፉ ኮዱን ረስቶ ነው» ይላል። መኪናው በተጎታች 130 ኪሎ ሜትር ሄዶ አዲስ አበባ ይገባል። እዚያ ሲታይ ችግሩ ቁልፉ ላይ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

የእኔ አስተያየት አጭር ነው። ኢሞቢላይዘር፣ ማለትም የራሱን ቁልፍ ካላወቀ መኪናው እንዳይነሳ የሚያደርገው የሌባ መከላከያ፣ ከጥፋቱ በላይ ይታማል። ሲያጠፋም አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ቁልፉ ላይ፣ ወይም ቁልፉ የሚገባበት ቦታ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ በመጨረሻ የሚጠረጠር ነገር ነው። ስለዚህ ከርካሹና ከቀላሉ እንጀምር።

ነገሩ እንዴት ነው የሚሠራው?

ኢሞቢላይዘር ሌባ ሽቦ አገናኝቶ መኪና እንዳያስነሳ ከፋብሪካ የሚገጠም መከላከያ ነው። በቁልፉ የፕላስቲክ እጀታ ውስጥ ትንሽ ቺፕ አለ። ቺፑ ባትሪ የለውም። ቁልፉ የሚገባበት ቀዳዳ ዙሪያ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ቀለበት ተገጥሟል። አንቴናው እሱ ነው። ቁልፉን ስታስገቡ ቀለበቱ በ125 ኪሎ ኸርዝ፣ በብዙ ቶዮታዎች ደግሞ በ134.2 ኪሎ ኸርዝ ቺፑን ይቀሰቅሰዋል። ቺፑ ኃይሉን የሚያገኘው ከዚሁ ሞገድ ነው። ከዚያ ኮዱን ይመልሳል። ኮዱ ከተመዘገበው ጋር ካልገጠመ የሞተሩ ኮምፒውተር ኢንጄክተሮቹን ይዘጋል።

አንዳንድ መኪና ተነስቶ በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ይጠፋል። አንዳንዱ ሞተሪኖውንም ጭምር ይከለክላል። በሁሉም መግፋት ትርፉ ድካም ነው፤ ነዳጅ ካልተረጨ ምንም ቢገፋ አይነሳም።

በር የሚከፍተው ሪሞት ሌላ ነገር ነው። እሱ በ315 ወይም በ433 ሜጋ ኸርዝ ይሠራል፣ የራሱ ትንሽ ባትሪም አለው። ቁልፍ አስገብታችሁ በምታዞሩት መኪና ላይ የሪሞቱ ባትሪ ቢያልቅ ሞተሩ ከመነሳት አይከለከልም። «ሪሞቱ ስለሞተ ነው አልነሳ ያለው» የሚል ካለ አትስሙት።

አሮጌ ዲኤክስና ላዳ ይህ ሁሉ ነገር የላቸውም። ቀድመው ከጃፓን በቀጥታ ከመጡት ቪትዞች መካከል ያለውም የሌለውም አለ። በሌለበት ብትፈልጉት ቀናችሁን ትጨርሳላችሁ።

መጀመሪያ መብራቷን እዩ

ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ወይም ቁልፍና መኪና ምስል ያለባት ትንሽ መብራት አለች። በአብዛኛው ቀይ ናት። ምርመራው ግማሽ በግማሽ የሚያልቀው እሷን በማየት ነው።

ቁልፉ ወጥቶ ብልጭ ድርግም ካለች ጤነኛ ናት፤ እየጠበቀች ነው። ቁልፉን አስገብታችሁ መብራት በሚበራበት ደረጃ ስታዞሩት መጥፋት አለባት። ብዙ ቶዮታ ላይ ወዲያው ትጠፋለች። ሌሎች ላይ ጥቂት ሰከንድ በርታ ትጠፋለች።

ቁልፉ ገብቶም ብልጭ ድርግም ማለቷን ከቀጠለች፣ ወይም በርታ ከቀረች፣ መኪናው ቁልፉን አላወቀውም። ችግሩ በእርግጥ ኢሞቢላይዘር ነው። እንደ ወጉ ከጠፋች ግን ቁልፉ ታውቋል። ያኔ ኢሞቢላይዘሩን ተዉትና ወደ ነዳጅ ፓምፑ፣ ወደ ካንዴላው፣ ወደ ክራንክ ሴንሰሩ ሂዱ። ቁልፉ ወጥቶም ገብቶም ጭራሽ የማትበራ ከሆነ ፊውዝ ፈልጉ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ያዙ። የፋብሪካ ኢሞቢላይዘር ቁልፉን የሚጠይቀው ሲነሳ ነው። እየሄደ ያለን መኪና መንገድ ላይ አያጠፋም። ጫጫ ከተማ ላይ ድንገት ቀጥ ያለ መኪና ሌላ በሽታ አለበት።

ባትሪው

ምልክቱ፦ ቁልፉን ስታዞሩ የዳሽቦርዱ መብራቶች በሙሉ ይደበዝዛሉ፣ ሞተሪኖው ያቃስታል ወይም ጠቅ ጠቅ ይላል፣ የቁልፏም መብራት አብራ ትቀላቀላለች። ሰው የሚያየው ግን እሷን ብቻ ነው።

ምክንያቱ፦ ቮልቴጁ ሲወርድ ኮምፒውተሮቹ ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ይቋረጣሉ። ብርድ የባትሪን ጉልበት ስለሚቀንስ ሸዋ ሮቢት ቆላው ላይ ያለ ችግር የሚነሳ መኪና ደብረ ብርሃን ሲያድር ሊያስቸግር ይችላል።

መፍትሄው፦ በመልቲሜትር ለኩ። ሙሉ ባትሪ ሳይነካ ካደረ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። 12.2 ከሆነ ግማሹ ሄዷል። ሞተሪኖው እየዞረ ከ9.6 በታች ከወረደ ሌላ ነገር ከመፈለጋችሁ በፊት ባትሪውን ቻርጅ አስደርጉ ወይም ቀይሩ። የባትሪው ጫፍ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ነገር ከተጋገረ በሙቅ ውሃና በሶዳ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት።

ከሌላ መኪና በገመድ ስታስነሱ ቀዩ ከፖዘቲቭ ጋር መሆኑን ሁለቴ እዩ። በግልባጭ የታሰረ ገመድ ዋናውን ፊውዝ ያቃጥላል፤ ሲብስ ኮምፒውተሩንም ይዞ ይሄዳል። ያኔ ወሬ የነበረው እውነት ይሆናል።

ባትሪ ነቅሎ አንድ ሰዓት ማቆየት ኢሞቢላይዘርን አያድስም። የቁልፉም ኮድ አይጠፋም። ኮዱ የተቀመጠው መብራት ቢቋረጥም በማይጠፋ ማስታወሻ ላይ ነው። የሬዲዮው ጣቢያዎች ግን ይጠፋሉ፣ ያ ነው ጥቅሙ።

ቁልፉ

መብራቷ ቁልፉን አላውቀውም ካለች የመጀመሪያ ሥራችሁ ሁለተኛውን ቁልፍ ማምጣት ነው። በሁለተኛው ከተነሳ ጉዳዩ አለቀ፤ ጥፋተኛው የመጀመሪያው ቁልፍ ነው። ኮፈን መክፈት አያስፈልግም። ሁለተኛ ቁልፍ ከሌላችሁ፣ ያገለገለ መኪና ገዝታችሁ አንድ ብቻ ከተሰጣችሁ፣ ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ አስቀርጹ። አንድ የሚሠራ ቁልፍ እያለ ሌላ መጨመር ቀላል ነው። ሁሉም ከጠፉ በኋላ ግን ሥራውም ዋጋውም ሌላ ነው።

ሁለተኛው ነገር የቁልፍ ስብስቡ ነው። የሱቁ፣ የመጋዘኑ፣ የግቢው ቁልፍ ሁሉ ከመኪናው ጋር በአንድ ቀለበት ይንጠለጠላል። በተለይ የሌላ መኪና ቺፕ ያለው ቁልፍ አብሮ ካለ ሁለቱ እኩል ይመልሳሉ፣ አንቴናውም ይደናገራል። የመኪናውን ቁልፍ ብቻውን አውጥታችሁ ሞክሩ። ነጻ ነው።

ሦስተኛው በብዛት የሚያጋጥመው ነው። እጀታው ተሰብሮ መንገድ ዳር ቁልፍ ቀራጭ ዘንድ ይቀየራል። አዲሱ እጀታ ያምራል፣ በሩን ይከፍታል፣ ሞተሪኖውንም ያዞራል። ቺፑ ግን አሮጌው እጀታ ውስጥ ቀርቷል። ብዙውን ጊዜ ጥቁር ቁራጭ ወይም ትንሽ የመስታወት ዘንግ ነው፤ ላላወቀው ሰው ቁም ነገር አይመስልም። ጋራዥ የሚሰማው ንግግር እንዲህ ነው።

«ጋሼ፣ አሮጌውን እጀታ ምን አደረጉት?»

«ልጁ እዚያው ጣለው። ምን ያደርግልኛል ብዬ።»

«በሉ ቶሎ ይሂዱና ቆሻሻውን ሳያወጣው ይያዙት!»

ከተገኘ ቺፑን ወደ አዲሱ እጀታ ማዛወር ነው፣ ሌላ ነገር የለም። ካልተገኘ አዲስ ቺፕ ገዝቶ ማስመዝገብ ይጠይቃል። ብረቱ ብቻ የተቀረጸ «ኮፒ» ቁልፍም ያው ነው፤ በር ይከፍታል እንጂ መኪና አያስነሳም።

አንዳንዴ የሚሠራ፣ አንዳንዴ እምቢ የሚል ቁልፍ ደግሞ ወድቆ ቺፑ የተሰነጠቀ ወይም ከቦታው የተንሸራተተ ሊሆን ይችላል። እጀታውን ክፈቱና እዩ፣ ቺፑ በቦታው በደንብ ይቀመጥ።

ቁልፍ ለማስመዝገብ ስትሄዱ ያላችሁን ቁልፍ ሁሉ ውሰዱ። በብዙ መኪኖች ምዝገባው ሲከፈት የድሮዎቹ ይሰረዛሉ፤ ቤት የቀረው ቁልፍ ከዚያ በኋላ አይሠራም። ሊብሬና መታወቂያም ያዙ። ሳይጠይቅ የሚሠራላችሁን ባለሙያ እኔ እፈራዋለሁ። ነገ ለሌላውም ሳይጠይቅ ይሠራል።

ቀለበቱና ሽቦው

ሁሉም ቁልፎች እምቢ ካሉ፣ ወይም ቁልፉን ስትነቀንቁት መብራቷ ጠፋ በራ ካለች፣ አንቴናው ቀለበት ይጠረጠራል። የመሪው ዘንግ ላይ ያለውን የፕላስቲክ ሽፋን ጥቂት ብሎን ፈታችሁ ታወጣላችሁ። ከዚያ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉና ጥቂት ደቂቃ ቆዩ። እዚያ አካባቢ ቢጫ ሶኬት ካያችሁ የኤርባግ ነው፣ አትንኩት።

የቀለበቱን ሶኬት አውጥታችሁ መልሳችሁ ሰኩት። አንዳንዴ ይህ ብቻ ይበቃዋል። በመልቲሜትር ኦም ስትለኩት ሽቦው ተያያዥ መሆን አለበት፤ ምንም ንባብ ከሌለ ተበጥሷል። ቀለበቱ ብቻ ሲቀየር ብዙ ጊዜ አዲስ ምዝገባ አይጠይቅም፣ ኮዱ ያለው ሌላ ቦታ ነውና።

አይጥን አትናቁ። መንዝ ውስጥ እህል ከሚቀመጥበት ግቢ የሚያድር መኪና ሽቦው ሊበላ ይችላል። ኮፈኑን ከፍታችሁ የተላጠ ሽቦ፣ ገለባና የአይጥ ኩስ ፈልጉ። ሞተሩ በግፊት ውሃ ከታጠበ በኋላ የመጣ ችግር ከሆነ ደግሞ ሶኬቶቹን ነቅላችሁ አድርቁ።

ከፋብሪካ ያልመጣው

የዳሽቦርዱ መብራት ጤነኛ ሆኖ መኪናው እምቢ ካለ፣ በኋላ የተገጠመ አላርም ወይም የጂፒኤስ መከታተያ እንዳለ ጠይቁ። እነዚህ የሞተሪኖውን ወይም የነዳጅ ፓምፑን ሽቦ ቆርጠው መሃሉ ላይ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ) ያስገባሉ። ሥራው በቴፕ የተጠቀለለ ከሆነ በጊዜ ይላላል።

ይህን ጉዳይ ችላ የማልለው በመንገዳችን ምክንያት ነው። የፓምፑን ሽቦ የቆረጠ ሪሌ እየተሄደ ሊከፈት ይችላል፣ የፋብሪካው ይህን አያደርግም። ከጣርማ በር ዋሻ ወጥታችሁ ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ሞተር ቢጠፋ መሪው ይከብዳል። ፍሬኑም ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ይደነድናል። አላርም ከፈለጋችሁ ሪሌው የሞተሪኖውን ሽቦ ብቻ እንዲቆርጥ አድርጉ፣ ግንኙነቱም በቴፕ ሳይሆን ተበይዶ ይሠራ።

ስካነር ሲሰካ

ስካነር የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ ነው። ርካሾቹ የብሉቱዝ ስካነሮች የሞተሩን የብልሽት ኮድ እንጂ የኢሞቢላይዘሩን ብዙ ጊዜ አያነቡም። «ኮድ የለም» ማለታቸው ማስረጃ አይሆንም። በሚያነብ ማሽን ፒ0513 ከመጣ ቁልፉ ትክክለኛ አይደለም ማለት ነው። ቶዮታ ላይ ቢ2799 የኢሞቢላይዘርን ብልሽት ያመለክታል። ዩ0167 ደግሞ ከኢሞቢላይዘሩ ጋር ግንኙነት ተቋርጧል ይላል፣ እዚህ ላይ ፊውዝና ሽቦ ይቀድማሉ።

ኒሳን ላይ ፒ1610 ካያችሁ መኪናው ከብዙ ያልተሳካ ሙከራ በኋላ ራሱን ቆልፏል። የተመዘገበውን ቁልፍ ሞተሩን ሳታስነሱ የዳሽቦርዱ መብራት በሚበራበት ደረጃ ብቻ አዙሩና 5 ሰከንድ ጠብቁ። አጥፉና 5 ሰከንድ ጠብቁ። ይህን ደጋግሙና አስነሱ።

ኮምፒውተሩ

ሁሉም ታይቶ ንጹህ ከሆነ እዚህ ይደረሳል። ከሶማሌ ተራ (አዲስ አበባ ካለው የመለዋወጫ ገበያ) ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቶ መግጠም ብቻውን አይበቃም። ያ ኮምፒውተር የሚያውቀው የመጣበትን መኪና ነው። በብዙ ቶዮታዎች አዲሱን ኮምፒውተርና ኢሞቢላይዘሩን የማስተዋወቂያ መንገድ አለ። የስካነሩ ሶኬት 4ኛና 13ኛ ቀዳዳ በሽቦ ይገናኛሉ፣ ቁልፉም የዳሽቦርዱ መብራት በሚበራበት ደረጃ ሆኖ 30 ደቂቃ ይቆያል። ቀዳዳ ቢሳሳት ጉዳት ስለሚያመጣ ይህን ለሚያውቅ ሰው ስጡት።

«ኢሞቢላይዘሩን እናጥፋው» የሚል ሐሳብም ይመጣል። ይሠራል። ከዚያ በኋላ ግን መኪናችሁ በማንኛውም ኮፒ ቁልፍ ይነሳል። ሌላ መውጫ ለሌለው አሮጌ መኪና ካልሆነ አልመክረውም።

ቁልፍ የማይገባበት፣ በአዝራር የሚነሳው

እዚህ ላይ የቁልፉ ባትሪ ያስፈልጋል። «ቁልፍ አልተገኘም» ካለ ፍሬን ረግጣችሁ የቁልፉን ጀርባ ከአዝራሩ ጋር አስጠጉ። ቶዮታ ከሆነ አርማው ያለበትን ጎን ነው። ከዚያ ተጫኑት። ከተነሳ ችግሩ የቁልፉ ባትሪ ነው። ስልክና ቁልፍ በአንድ ኪስ አይቀመጡ። በኤሌክትሪክ መኪናም ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ትንሿ ባለ12 ቮልት ባትሪ ከሞተች አይነሳም።

መጎተት ግድ ከሆነ

አውቶማቲክ ማርሽ ያለውን መኪና የሚነዱት ጎማዎች መሬት ነክተው እየዞሩ ረጅም መንገድ አታስጎትቱ። ማርሹ የሚቀባው ዘይት ሞተሩ ካልሠራ አይዞርም። የፊት ጎማ የሚነዳ ከሆነ ፊቱ ይነሳ፣ አራቱም የሚነዱ ከሆነ በተሸካሚ መኪና ላይ ይጫን። ሁለቱንም ቁልፎችና ሊብሬውን አብራችሁ ላኩ።