ሮያል ባሌትን ማየት ለምትፈልጉ፦ ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት ካስቱን እዩ

ሎንደን የምትኖሩም፣ ለስራ ወይ ዘመድ ለመጠየቅ ብቅ የምትሉም ሰዎች ሁሌ አንድ ጥያቄ ትጠይቁኛላችሁ፣ ሮያል ባሌትን (የሎንደኑን ትልቅ የባሌት ካምፓኒ) አንዴ ማየት እፈልጋለሁ የቱን ትኬት ልግዛ? እስቲ አንዴ በደንብ ልፃፈውና ከዚህ በኋላ ሊንኩን እየላኩ ልገላገል።

ብዙ ሰው ትኬት ሲገዛ የሚያየው የባሌቱን ስምና ዋጋውን ነው። ሲንደሬላ፣ ስዋን ሌክ፣ ይሄን ያህል ፓውንድ፣ በቃ ክፈል። በዛ ቀን ማን ነው የሚደንሰው የሚለውን፣ ካስቱን ማለት ነው፣ የሚያይ የለም፣ እኔ ግን ከሱ ጀምሩ ነው የምለው ምክንያቱም አንድ ባሌት ለሳምንታት ሲታይ ብዙ ጥንዶች እየተፈራረቁ ነው የሚደንሱት። እርምጃው ያው ነው ሙዚቃው ያው ነው፣ ማክሰኞ ያየኸውና ሀሙስ ያየኸው ግን ሁለት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል።

ዌብሳይቱ ላይ ቀኑን ስትነኩት የዋናዎቹ ዳንሰሮች ስም ይወጣል። (ድርጅቱ ከ2024 ጀምሮ ሮያል ባሌት ኤንድ ኦፔራ ነው የሚባለው፣ ህንፃው ግን ያው ሮያል ኦፔራ ሃውስ ነው፣ ኮቨንት ጋርደን። አመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምፅፈው።) ስሞቹን ካላወቃችኋቸው ዩቲዩብ ላይ እየገባችሁ ሁለት ሶስት ደቂቃ እዩዋቸው፣ ማን ደስ እንደሚላችሁ ወዲያው ይገባችኋል። ለመነሻ ያህል፣ ማሪያኔላ ኑኔዝ አርጀንቲናዊት ናት፣ ካምፓኒውን በ1998 ተቀላቅላ በ2002 ፕሪንሲፓል (ከፍተኛው የዳንሰር ማእረግ) ሆነች፣ ከዛ ወዲህ ሃያ አመት አልፎም ትኬቷ ቶሎ ያልቃል። ናታሊያ ኦሲፖቫ ከሩሲያ ናት፣ የሞስኮው ቦልሾይ ባሌት ነው ያደገችው፣ እሷን ለዝላዩና ለድራማው ነው የምታዩት። ቫዲም ሙንታጊሮቭ ደግሞ ዘሎ ሲያርፍ ድምፅ የለውም፣ ይሄን ያህል ረጅም ሰው እንዴት እንደሱ እንደሚያርፍ እኔ አሁንም አይገባኝም። ፍራንቼስካ ሄይዋርድን ደግሞ ለየት አድርጋችሁ ያዙልኝ፣ ናይሮቢ ነው የተወለደችው፣ እንግሊዝ አገር አያቶቿ ጋ አድጋ በ2016 ፕሪንሲፓል ሆናለች፣ የጎረቤት ልጅ ናት እንግዲህ። ጁልየትን እሷ ስትሰራው ካያችሁ አስራ አምስት አመት ያልሞላት ልጅ ፊታችሁ ያለች ነው የሚመስላችሁ። ዳንሰር ግን ጡረታም ይወጣል ካምፓኒም ይቀይራል፣ ስለዚህ ይሄን በምታነቡበት ጊዜ ማን እንዳለ ራሳችሁ ቼክ አድርጉ። ደግሞ ጉዳት ስለሚያጋጥም ካስት በመጨረሻ ሰአት ሊቀየር ይችላል፣ ለዛ ተብሎ ብር አይመለስም።

ስም አጠገብ የሚፃፈውን ማእረግ ማንበብም ይጠቅማል። ሮያል ባሌት ውስጥ መቶ ገደማ ዳንሰር አለ፣ ከታች ወደ ላይ አርቲስት፣ ፈርስት አርቲስት፣ ሶሎይስት፣ ፈርስት ሶሎይስት፣ ፕሪንሲፓል እያለ ይሄዳል። ከዚህ ውጪ ፕሪንሲፓል ካራክተር አርቲስት የሚባሉ አሉ፣ ንጉሱን፣ እናትየዋን፣ ክፉዋን ጠንቋይ ምናምን የሚጫወቱት አንጋፋዎቹ ናቸው። እነሱን አትናቁ፣ ጋሪ ኤቪስን ነትክራከር የሚባለው ባሌት ውስጥ አስማተኛውን ድሮሰልማየርን ሆኖ ያየ ሰው ይመስክር። አንድ ሚስጥር ልንገራችሁ፣ ፈርስት ሶሎይስት የሆነች ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ ሮል ሲሰጣት ብዙ ጊዜ ከሰአት በኋላ ባለው ማቲኔ ነው የሚያወጧት። ስሟን ማንም ስለማያውቀው ትኬቱ እንደልብ ይገኛል፣ ልጅቷ ግን ነፍሷን ሰጥታ ነው የምትደንሰው፣ ቀጣዩን ፕሪንሲፓል ቀድሞ ማየት ማለት ነው።

አሁን ማን ነው ይሄን ሁሉ የሚወስነው? ዳይሬክተሩ ነው። ከ2012 ጀምሮ ኬቨን ኦሄር ነው፣ ራሱ በርሚንግሃም ሮያል ባሌት ውስጥ ሲደንስ የኖረ ሰው፣ መድረክ ከተወ በኋላ ሮያል ሼክስፒር ካምፓኒ ገብቶ አስተዳደር የተማረ። የትኛው ባሌት በየትኛው ሲዝን እንደሚታይ፣ ማን የትኛውን ሮል እንደሚያገኝ፣ ማን እድገት እንደሚያገኝ እሱ ጋ ነው የሚያልቀው። ከሱ በፊት ሞኒካ ሜሰን ነበረች፣ ጆሃንስበርግ ተወልዳ በ1958 ገና በ16 አመቷ ካምፓኒው የገባች፣ ከታች ጀምራ ዳይሬክተር እስከመሆን። ሁሉንም የጀመረችው ግን ኒኔት ደ ቫልዋ ናት፣ ስሟ የፈረንሳይ ይምሰል እንጂ አየርላንድ ነው የተወለደችው። በ1931 ነው ካምፓኒውን ያቆመችው፣ ያኔ ስሙ ሌላ ነበር፣ ሮያል የተባለው በ1956 ነው። በሁለተኛው የአለም ጦርነት ጊዜ ኮቨንት ጋርደን የጭፈራ አዳራሽ ሆኖ ነበር፣ በ1946 ቲያትሩ ሲከፈት ስሊፒንግ ቢዩቲን ይዛ የገባችው እሷ ናት፣ ማርጎ ፎንቴይን ልዕልቲቱን አውሮራን ሆና። ሴትዮዋ የሞተችው በ102 አመቷ ነው።

ታሪኩን ለጌጥ አይደለም የማነሳው፣ ትኬት ስትመርጡ ይሰራላችኋል። ፕሮግራሙ ላይ የኮሪዮግራፈሩ (የዳንሱን እርምጃ የፈጠረው ሰው) ስም ካለ ምን እንደሚጠብቃችሁ ማወቅ ይቻላል። ፍሬድሪክ አሽተን ከሆነ ወገብና ጀርባ ወዲያ ወዲህ ሲተጣጠፍ እግር ደግሞ በጣም ፈጣን፣ ቀልድም አለው። ኬኔት ማክሚላን ከሆነ ድራማ ነው፣ ጨለም ያለ። የሱ ሜየርሊንግ የሚባለው የኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ፍቅረኛውን ገድሎ ራሱን ስለማጥፋቱ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ደግሞ በየትኛው ቀን መሰላችሁ? ፌብሯሪ 14፣ 1978፣ ቫለንታይንስ ዴይ። ልጆች ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ዌይን ማክግሬገር ከሆነ ብዙ ጊዜ ልዑልም ልዕልትም አትጠብቁ፣ ከ2006 ጀምሮ የካምፓኒው ሬዚደንት (ቋሚ) ኮሪዮግራፈር ነው፣ ሰውነት እንዲህም ይታጠፋል እንዴ የሚያስብል ነገር ነው። ክሪስቶፈር ዊልደን ደግሞ አሊስ ኢን ወንደርላንድን የመሰለ በቀለምና በማሽን የተሞላ ትልቅ ሾው ነው የሚሰራው፣ ለልጆች አሪፍ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የቱ ይሻላል ካላችሁኝ ሁሉም ሰው ስዋን ሌክ ነው የሚላችሁ፣ እኔ አልልም፣ ረጅም ነው፣ ከስራ በኋላ ደክሞህ ገብተህ ሁለተኛው አክት (ክፍል) ላይ ማንቀላፋት አለ። ካገኛችሁ የአሽተንን ላ ፊ ማል ጋርዴ እዩ፣ 1960 ላይ የሰራው ነው። ገበሬ አገር ነው፣ እናትየው ልጇን ለሀብታም ጅል ልትድር ትፈልጋለች፣ ልጅቷ ሌላ ትወዳለች፣ ይሄ ታሪክ ለኛ ማብራሪያ ያስፈልገዋል? እናትየዋን የሚጫወተው ወንድ ነው፣ ዶሮዎች ይደንሳሉ፣ እውነተኛ ትንሽ ፈረስ መድረክ ላይ ይወጣል። እሱ ከሌለ ጂዜል። አጭር ነው፣ ታሪኩ ቀላል ነው፣ የመጀመሪያው አክት መንደር፣ ሁለተኛው አክት መቃብር፣ አለቀ።

ትኬት። ውዱ ከመቶ ፓውንድ በላይ ነው፣ ግን አትደንግጡ። በየሳምንቱ አርብ ከሰአት 7 ሰአት ላይ (በነሱ 1 ሰአት) ፍራይዴይ ራሽ የሚባል አለ፣ ለቀጣዩ ሳምንት የሚሆን ትኬት ኦንላይን ይለቃሉ፣ ተሸጦ አልቋል የተባለ ሾው ራሱ ይገኛል። ከሰአቱ አስቀድማችሁ አካውንት ከፍታችሁ ካርዳችሁን አዘጋጅታችሁ ጠብቁ። ከ16 እስከ 25 አመት የሆናችሁ ደግሞ ለወጣቶች የተለየ ቅናሽ አለ ተመዝገቡ። ወንበሩን በተመለከተ፣ ታች ኦርኬስትራ ስቶልስ ፊት ይታያል፣ ላብ ይታያል፣ ግን ከፊታችሁ ረጅም ሰው ከተቀመጠ በቃችሁ። ላይ አምፊቲያትር ከሆናችሁ ፊት አይታይም፣ የኮር ደ ባሌው (በቡድን የሚደንሱት) ሰልፍ ግን ከላይ ሆኖ ማየትን የሚያክል የለም፣ ትንሽዬ ባይኖኩላር ያዙ። በጎንና በጎን ያሉት ስሊፕስ የሚባሉት ርካሽ ናቸው፣ የመድረኩ አንዱ ጥግ ይቆረጥባችኋል፣ ዌብሳይቱ ራሱ ከዛ ወንበር ምን እንደሚታይ ፎቶ ያሳያል እሱን ሳታዩ አትክፈሉ። በነገራችን ላይ ኮቨንት ጋርደን ባቡር ጣቢያ ሊፍት ላይ ሰልፍ ካለ በደረጃ ልውጣ እንዳትሉ፣ 193 ደረጃ ነው። ማርፈድ ደግሞ የለም፣ ካረፈዳችሁ በር ተዘግቶ እስከ እረፍት ውጪ ስክሪን ላይ ነው የምታዩት። ልብስ የፈለጋችሁትን፣ ጂንስም ይቻላል፣ የሀበሻ ቀሚስም ለብሳ የመጣች አይቻለሁ ከሁሉም አምሮባት ነበር።

ከገባችሁ በኋላ ምን ታያላችሁ? እስክስታ ስናይ አይናችን ቀጥታ ትከሻ ላይ እንደሚሄደው እዚህም አይን የሚያርፍበት ቦታ አለ፣ ጀማሪ እግር ጣት ላይ ያፈጣል፣ እናንተ ግን አንገትና ክንድ እዩ፣ እግሯ ያን ሁሉ ስራ እየሰራ ከወገብ በላይ ምንም እንዳልተፈጠረ ከሆነች ጎበዝ ናት። ትልቁ የሁለት ሰው ዳንስ፣ ፓ ደ ዱ የሚሉት፣ ቅርፅ አለው፣ መጀመሪያ አብረው ቀስ ብለው፣ ከዛ እሱ ብቻውን፣ ከዛ እሷ ብቻዋን፣ መጨረሻ ላይ በፍጥነት አብረው። ስዋን ሌክ ላይ ጥቁሯ ስዋን በአንድ እግር 32 ጊዜ የምትዞረው እዚህ መጨረሻው ላይ ነው፣ ሰው ሁሉ ይቆጥራል፣ እኔ መቁጠሩን አልወደውም ግን እቆጥራለሁ።

እጅ የሚያወራውን ካወቃችሁ ታሪኩ ግማሹ ይገባችኋል። ሁለት እጅ ከራስ በላይ እርስ በርስ ከተሽከረከረ እንደንስ ማለት ነው። የቀለበት ጣት ከተጠቆመ ጋብቻ። እጅ ፊትን ዙሪያውን ከነካ ቆንጆ። ሁለት እጅ በጡጫ ተጨብጦ ወደታች ከተጣመረ ሞት። ጂዜል ላይ እናትየው እንዲህ በእጅ ስትናገር ታያላችሁ፣ በዚህ አያያዝሽ ትሞቻለሽ ነው የምትላት፣ ያልገባው ሰው እናትየው እጇን ለምን እንደምታወናጭፍ ግራ ይገባዋል።

ታች ከተቀመጣችሁ የጫማውን ድምፅ ስሙ። ጫፉ እንጨትም ብረትም አይደለም፣ ጨርቅና ወረቀት በሙጫ ተደራርቦ የደረቀ ነው። ብዙዎቹ የሎንደኑን የፍሪድን ነው የሚያደርጉት፣ በእጅ ነው የሚሰራው፣ እያንዳንዱ ሰራተኛ ሶሉ ላይ የራሱ ምልክት አለው፣ ዳንሰሯ ደግሞ የሱ ካልሆነ አላደርግም የምትለው ሰራተኛ አላት። አዲሱ ሲመጣላት ሪባኑን ራሷ ትሰፋለች፣ ከጫፉ ላይ ሳቲኑን ትቆርጠዋለች፣ ታጥፈዋለች፣ ግድግዳ ላይ ትደበድበዋለች እንዳይጮህ። ያ ሁሉ ተደርጎ በአንድ ረጅም ባሌት ከአንድ ጥንድ በላይ ልትጨርስ ትችላለች። እናም ጂዜል ሁለተኛው አክት ላይ ሃያ ምናምን ሴት በነጭ ሲያልፉ ኮቴያቸው ካልተሰማችሁ የማን ድካም እንደሆነ እወቁ።

ማጨብጨብ ላይ አትጨነቁ፣ ብቻዋን ደንሳ ጨርሳ እጅ ስትነሳ ነው የሚጨበጨበው፣ ሙዚቃው በቀስታ እየሄደ ከሆነ ቆዩ። እልልታ ሞክሬ አላውቅም።

ሎንደን የሌላችሁስ? አውሮፓና አሜሪካ ያላችሁ ሲኒማ ቤት ውስጥ በቀጥታ ወይ ተቀድቶ ስለሚታይ አጠገባችሁ ያለውን ሲኒማ ፈልጉ፣ ካሜራው ፊት ስለሚያቀርብ ለማክሚላን እንደውም ከአምፊቲያትር ይሻላል። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ ወርልድ ባሌት ዴይ የሚባለውን ጠብቁ፣ በ2014 ነው የተጀመረው፣ ብዙ ጊዜ ኦክቶበር ወይ ኖቬምበር ላይ ነው፣ ትልልቆቹ ካምፓኒዎች የጠዋት ክላሳቸውንና ልምምዳቸውን በነፃ ኦንላይን ያስተላልፋሉ። ክላሱን ከመጀመሪያው እዩት፣ ባሬ (የእጅ መደገፊያ ዘንግ) ይዘው ጉልበት ከማጠፍ ነው የሚጀምሩት፣ ፕሪንሲፓሏም ትናንት የተቀጠረችውም እኩል አንድ ላይ፣ ከዛ ወደ መሀል፣ መጨረሻ ላይ ትልልቁ ዝላይ። አሰልጣኙ መጥቶ የአንዷን ክርን በጣቱ ትንሽ ከፍ ሲያደርግላት ልብ ብላችሁ እዩ፣ በፊትና በኋላ ያለውን ልዩነት ካያችሁት ካስት ማንበብም አያቅታችሁም። ኢንተርኔታችሁ ከተቆራረጠ ቅጂው ዩቲዩብ ላይ ይቀመጣል፣ ማታ ላይ አውርዳችሁ ብታዩት ይሻላል።