ሮምን በሦስት ቀን እንዴት እንደሚጎበኙ፦ ከቪዛ ቀጠሮ እስከ መመለሻው በረራ

ሮም በሦስት ቀን ታይታ አታልቅም፤ ዋና ዋናውን ሳይሮጡ ለማየት ግን ሦስት ቀን ይበቃል። ይህ እንዲሆን በቀጠሮ የሚገባባቸው ሁለቱ ቦታዎች፣ ኮሎሲየምና የቫቲካን ሙዚየሞች፣ ገና ከቤት ሳይወጡ ቲኬታቸው መቆረጥ አለበት። ሌላው አብዛኛው ከተማ በእግር የሚያዩትና ቀጠሮ የማይፈልግ ነው። ብዙ ሰው የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ምሳ የሚበላበትን ቤት ሳይቀር መርጦ ይመጣና ኮሎሲየም በር ላይ ሲደርስ «ቲኬት አልቋል» ይባላል።

መጀመሪያ ቪዛው

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የሸንገን ቪዛ፣ ማለትም የጣሊያንና የሌሎች ብዙ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ፣ ያስፈልገዋል። ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ሲቀር ጀምሮ ማስገባት ይቻላል። ደንቡ ጉዞው 15 ቀን እስኪቀረው ድረስ ማስገባት ይፈቅዳል፤ ይህን ቁጥር ግን ይርሱት። የአውሮፓ ኅብረት በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባሳለፈው ውሳኔ የኢትዮጵያውያን ማመልከቻ የሚታይበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል። ቢያንስ ሦስት ወር ቀደም ብለው ይጀምሩ። በዚሁ ውሳኔ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትም ቀርቷል፤ ስለዚህ ከሮም ተነስቼ ለንደን ያለ ዘመድ ጠይቄ ልመለስ የሚል ሰው ከሸንገን በወጣበት ቅጽበት ቪዛው አብቅቷል።

ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 ዓመት በላይ ሆኖ 12 ላልሞላው ልጅ 45 ዩሮ ነው። ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍንና በሁሉም የሸንገን አገሮች የሚሠራ ይሁን። ቪዛው እስኪወጣ ድረስ የአውሮፕላን ቦታ ያስይዙ እንጂ የማይመለስ ገንዘብ አይክፈሉ። በአረብ አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ኢትዮጵያዊ የሚያመለክተው እዚያው በሚኖርበት አገር ነው። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት የያዘ ሰው እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይቆያል፤ ድንበር ላይ ግን አሻራና ፎቶ ይሰጣል።

ቲኬቶቹ፣ እና የስሙ ጉዳይ

የኮሎሲየም ቲኬት በይፋዊው መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ከጉብኝቱ 30 ቀን በፊት ይለቀቃል። መደበኛው 18 ዩሮ ሲሆን ከኮሎሲየም ሌላ አጠገቡ ያሉትን የጥንቱን ከተማ ፍርስራሾች፣ ፎሮ ሮማኖንና የፓላቲኖ ኮረብታን፣ ይጨምራል፤ ለ24 ሰዓት ያገለግላል። ቀኑን ስልክዎ ላይ መዝግበው በተለቀቀበት ዕለት ይግዙ። ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ነጻ ነው፤ ቢሆንም የ0 ዩሮ ቲኬት አብሮ መቆረጥ አለበት። ያለ እሱ ልጁ በር ላይ ይቀራል።

ቲኬቱ በስም ነው፤ በር ላይም ከፓስፖርት ጋር ያመሳክሩታል። እኛ ላይ ችግር የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ቅጹ ስምና የቤተሰብ ስም ብቻ ይጠይቃል፤ አንዱ የአባቱን ስም ይጽፋል፣ ሌላው የአያቱን። የሚጻፈው ፓስፖርቱ ላይ በቤተሰብ ስም መስመር የታተመው ነው፤ ያለ ምንም ለውጥ፣ ፊደል በፊደል።

የቫቲካን ሙዚየሞች 20 ዩሮ ናቸው፤ በኢንተርኔት ሲያስይዙ 5 ዩሮ ይጨመራል። አምስቷን ዩሮ አይሰስቱ፤ ያላስያዘ ሰው በግንቡ ሥር በፀሐይ ሊቆም የሚችለው በደቂቃ ሳይሆን በሰዓት የሚቆጠር ነው። እሑድ ዝግ ናቸው። በየወሩ የመጨረሻ እሑድ በነጻ ይከፈታሉ፤ ኮሎሲየምም በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ነጻ ነው። ሁለቱንም ቀን ቢሸሹ ይሻላል፤ የሚተርፈው ገንዘብ በሰልፍና በግፊያ ይከፈላል።

ቲኬት ላይ 8:30 ተብሎ ከተጻፈ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ስምንት ሰዓት ተኩል ብሎ አንብቦ ከምሳ በኋላ የሚደርስ ሰው አይጠፋም፤ ያን ጊዜ ተራው አልፏል። ከዚህ በታች ያሉት ሰዓቶችም ቲኬት ላይ እንደሚጻፉት ናቸው።

ከኤርፖርት ወደ ከተማ

የአዲስ አበባው በረራ የሚያርፈው ፊዩሚቺኖ ነው። ወደ ከተማ የሚያስገቡ አራት መንገዶች አሉ። ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር የትም ሳይቆም በ32 ደቂቃ ዋናው ባቡር ጣቢያ ተርሚኒ ያደርሳል፤ 14 ዩሮ። ኤፍ ኤል 1 የሚባለው ባቡር 8 ዩሮ ነው፣ ግን ተርሚኒ አይገባም፤ በትራስቴቬሬና በኦስቲየንሴ አድርጎ ወደ ቲቡርቲና ይሄዳል። ማረፊያዎ በዚያ በኩል ከሆነ ይኼኛው ይመረጣል። አውቶቡስ ከሁሉም ይረክሳል፤ መንገድ ሲዘጋጋ ግን አንድ ሰዓት ያልፈዋል። ነጩ የከተማ ታክሲ በጥንቱ የአውሬሊያን ግንብ ውስጥ ወዳለ አድራሻ የተቆረጠ ዋጋ አለው፤ 55 ዩሮ፣ ሻንጣን ጨምሮ ለሁሉም ተሳፋሪ። ዋጋው በመኪናው በር ላይ ተጽፏል። አራት ሆነው ከመጡ ከሊዮናርዶ ኤክስፕረስ ጋር እኩል ያህል ይወጣል። አዳራሹ ውስጥ ቀርቦ «ታክሲ ታክሲ» የሚልዎትን ሰው አልፈውት ውጭ ወዳለው ሰልፍ ይሂዱ።

ለባቡርም ለአውቶቡስም የወረቀት ቲኬት ከገዙ ከመሳፈርዎ በፊት ማሽን ላይ ያስመቱት። ያልተመታ ቲኬት እንዳልተከፈለ ነው የሚቆጠረው፤ ተቆጣጣሪው «አላወቅሁም» አይሰማም።

ከተማ ውስጥ አንድ ቲኬት 1.50 ዩሮ ነው፤ 100 ደቂቃ ያገለግላል፤ አውቶቡስ የፈለጉትን ያህል፣ ሜትሮ ግን አንዴ ብቻ። ትልቅ «ቲ» ፊደል ከተሰቀለበት ትንባሆ ቤት ይገዛል። በባንክ ካርድ መሣሪያውን ነክቶ መግባትም ይቻላል፤ ለእያንዳንዱ ሰው ግን የየራሱ ካርድ ያስፈልጋል። አርብ ዕለት የትራንስፖርት አድማ የተለመደ ነው። አድማ ሲኖር እስከ 8:30 እና ከ17:00 እስከ 20:00 አገልግሎት ይሰጣል፤ የቀረው ሰዓት የእግር ነው።

አንደኛው ቀን፦ መሀል ከተማው

ከጉዞ የደከመ ሰው በመጀመሪያው ቀን ቀጠሮ አይያዝ። ሻንጣ አስቀምጠው ወደ ጥንቱ የሮማውያን ቤተ መቅደስ፣ ወደ ፓንቴዎን፣ ይውጡ። ከ2023 ወዲህ መግቢያው 5 ዩሮ ሆኗል። ጉልላቱ 43.3 ሜትር ስፋት አለው፤ አናቱ ላይ 9 ሜትር የሚጠጋ ክፍት ቀዳዳ አለ፤ ዝናብ ሲዘንብ ወደ ውስጥ ይገባና ወለሉ ላይ ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይወርዳል። ከዚያ ፒያሳ ናቮና፣ ቀጥሎ የትሬቪ ፏፏቴ፤ ሁሉም በእግር ነው። ትሬቪን ያለ ሰው ጭንቅላት ፎቶ ማንሳት የሚፈልግ ሰው ጎህ ሲቀድ ይምጣ፤ ሌላ ዘዴ የለም። በስፔን ደረጃዎች ላይ መቀመጥ ከ2019 ጀምሮ ክልክል ነው፤ ቅጣቱ እስከ 400 ዩሮ ይደርሳል።

ጫማ ነገር፦ መንገዱ ኮብልስቶን ነው፣ ያውም ያረጀና የተጎረባበጠ። ተረከዝ ያለው ጫማ አይሆንም፤ ባለ ትንንሽ ጎማ ሻንጣም ቶሎ ይሰበራል።

ውሃ አይግዙ። በየመንገዱ ቀን ከሌት የሚፈስ የብረት ቧንቧ አለ፤ ከተማው ውስጥ ወደ 2,500 ይጠጋሉ፤ ውሃው ንጹሕና ቀዝቃዛ ነው። ጎንበስ ብለው አፍዎን ከማስጠጋት ይልቅ የቧንቧውን አፍ በጣትዎ ይድፈኑት፤ ከላይ ባለችው ቀዳዳ ውሃው ወደ ላይ ፊን ይላል፣ ቆመው ይጠጣሉ።

ሁለተኛው ቀን፦ ኮሎሲየም፣ ከዚያም ፖርታ ካፔና

የ8:30ን ቦታ ይያዙ፤ በሮም የሙቀት ወራት ከ11:00 በኋላ ድንጋዩ ራሱ ይፋጃል። ፍተሻ ስላለ ከሰዓቱ 20 ደቂቃ ቀድመው ይድረሱ፤ ትልቅ ሻንጣና ጠርሙስ አይዙ። ኮሎሲየም ውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። ፎሮና ፓላቲኖ ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈልጋሉ፤ ጥላ ያለው ፓላቲኖ ላይ ስለሆነ ፎሮን አስቀድመው ጨርሱና ወደ ላይ ይውጡ።

ከዚያ የቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮን መንገድ ይዘው ወደ ደቡብ አሥር ደቂቃ ያህል ይራመዱ። አደባባዩ ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና ይባላል። የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ እስኪነቀል ድረስ የቆመው እዚህ ነበር። ፊት ለፊቱ ያለው ሰፊ ነጭ ሕንጻ፣ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት የሆነው፣ የተጀመረው ለጣሊያን የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ተብሎ ነው። 24 ሜትር ርዝመትና ከ150 ቶን በላይ ክብደት ያለው ሐውልት በ2005 በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ፣ በ2008 አክሱም ላይ ቆመ። ዛሬ በስፍራው ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች አሉ፤ የመስከረም 11 ጥቃት ሰለባዎች መታሰቢያ ናቸው፤ ሐውልቱን ብለው ዓምዶቹ ፊት ፎቶ የሚነሱም አሉ። ባዶ ቦታ ለማየት መሄድ ለአንዳንዱ ሞኝነት ይመስለዋል። ለኢትዮጵያዊ ግን በሮም ከሚታዩት ሁሉ ሊዘለል የማይገባው እሱ ነው። የሜትሮ ቢ መስመር ጣቢያ፣ ቺርኮ ማሲሞ፣ እግርዎ ሥር ነው።

በዚያው መስመር ወደ ተርሚኒ ሲመለሱ ከጣቢያው ወጣ ብሎ ባለው መናፈሻ ውስጥ አንዲት አጠር ያለች የግብፅ ሐውልት ይፈልጉ። በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለወደቁት የጣሊያን ወታደሮች የቆመች ናት። ከጣቢያው ፊት ያለው ሰፊ አደባባይም በ«አምስት መቶዎቹ» ስም የተጠራው በእነሱ ነው። አብዛኛው መንገደኛ ሻንጣውን እየጎተተ ሳያያት ያልፋል።

ሦስተኛው ቀን፦ ቫቲካን

ረቡዕ አይሁን፤ ረቡዕ ጠዋት ብዙውን ጊዜ ጳጳሱ ሕዝብ ስለሚቀበሉ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን፣ የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ፣ እስከ ቀትር ይዘጋል። የሙዚየሙ በር ከጴጥሮስ አደባባይ አይደለም፤ በግንቡ ዙሪያ የ15 ደቂቃ መንገድ አለው። አደባባዩ ላይ ተሰልፎ ተራው ሲደርስ «ይህ የባዚሊካው ሰልፍ ነው» የሚባል ሰው ብዙ ነው። በሜትሮ ኤ ኦታቪያኖ ይውረዱ።

ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፣ ለወንድም ለሴትም። ነጠላ ቦርሳ ውስጥ ከያዙ ነገሩ አልቋል። ሲስቲን ጸሎት ቤት ውስጥ ፎቶ ክልክል ነው። ባዚሊካው በነጻ ነው፤ ወደ ጉልላቱ የሚወጣው ደረጃ 551 ነው፤ ሊፍት ከተጠቀሙም 320ው ይቀርዎታል፣ መጨረሻው ላይ ግድግዳው ስለሚያዘነብልና መንገዱ ስለሚጠብ ጠባብ ቦታ ለሚያስፈራው ሰው አይመከርም።

ከባዚሊካው ጀርባ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተሰጠ ነው። አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና 1549 የግዕዝ አዲስ ኪዳንን ሮም ላይ ያሳተሙት የዚሁ ማኅበር ሰው ሆነው ነው። ለጎብኚ ክፍት ከሆነው ክልል ውጭ ስለሆነ እግረ መንገድ አይገባም፤ ከጉልላቱ ላይ ሆነው ወደ አትክልቱ ስፍራ ሲያዩ ግን አቅጣጫውን ያገኙታል።

ምግብ፣ ጾምና የአሳማ ሥጋ

ከሮም ታዋቂ ፓስታዎች ካርቦናራ፣ አማትሪቻናና ግሪቻ የአሳማ ጉንጭ ሥጋ አለባቸው። በስጎው ውስጥ ተቆርጦ ስለሚገባ አውጥቶ መብላት አይቻልም። ካቾ ኤ ፔፔ አይብና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ነው።

በጾም ወቅት የሚሄድ ሰው አይቸገርም። ፒሳ ማሪናራ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ኦሬጋኖ እንጂ አይብ የለውም፤ ከፒሳ ሁሉ ርካሹም እሱ ነው። ስፓጌቲ አልዮ ኤ ኦልዮ በዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ይሠራል። አራቢያታ የሚያቃጥል የቲማቲም ስጎ ነው፤ «ሴንሳ ፎርማጆ» ብለው አይብ እንዳይነሰነስበት ይንገሩ። ደረቅ ፓስታ እንቁላል የለውም፤ ትኩስ የእጅ ፓስታ ግን ብዙ ጊዜ ስላለው ይጠይቁ። በአይሁድ ሰፈር በዘይት የሚጠበሰው አርቲቾክም የጾም ነው።

በቁራጭ የሚሸጥ ፒሳ በክብደት ነው። የተለጠፈው ዋጋ የ100 ግራም ሊሆን ስለሚችል ርካሽ መስሎዎት አይሸወዱ፤ ሻጩ ቢላውን ሲያስጠጋ በእጅዎ ልኩን ያሳዩት። ቡና ቆመው ይጠጡ፤ ሲቀመጡ ዋጋው እጥፍና ከዚያም በላይ ይሆናል። በብዙ ቤት መጀመሪያ ካሸር ጋ ይከፈላል፣ ደረሰኙ ለቡና ቀጂው ይሰጣል። ማኪያቶ ሲያዙ በትንሽ ሲኒ ወተት ጠብ የተደረገበት ቡና ይመጣል፤ አገር ቤት የለመዱትን ብዙ ወተት ያለበትን የሚፈልግ ካፑቺኖ ይበል። እራት ከ19:30 በፊት ብዙ ቦታ አይጀመርም።

ኪስ አውላቂና ሌላው ወጪ

ከተርሚኒ ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስና የሜትሮ ኤ መስመር የኪስ አውላቂ መስመር ናቸው። ስርቆቱ የሚፈጸመው በሩ ሊዘጋ ሲል ነው፤ አንዱ ከፊት መንገድ ይዘጋል፣ ሌላው ከኋላ ይገፋል፣ በሩ ሳይዘጋ ይወርዳሉ። ስልክ የኋላ ኪስ ውስጥ አይገባም፤ ቦርሳ ወደ ፊት ይዞራል። ፓስፖርት ቢጠፋ መጀመሪያ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው መጥፋቱን ማመልከትዎን የሚያሳይ ወረቀት ያውጡ፤ ሮም ያለው የኢትዮጵያ ኤምባሲም ይህን ወረቀት ይፈልጋል። የድንገተኛ ጥሪ 112 ነው። ኮሎሲየም አካባቢ ክር እጅዎ ላይ የሚያስርልዎት ሰው ስጦታ እየሰጠዎት አይደለም።

ሆቴል ሲወጡ በሰውና በሌሊት የሚታሰብ የከተማ ግብር ይጠየቃል፤ ባለ ሦስት ኮከብ ሆቴል 6 ዩሮ ነው። በኢንተርኔት ከከፈሉት ውጭ ስለሆነ ጥሬ ገንዘብ ያስቀሩ።

ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚኖር ሰው ከአንድ ሱቅ በአንድ ጊዜ ከ70 ዩሮ በላይ ከገዛ ታክሱ ይመለስለታል። ሱቁ ውስጥ ፓስፖርት አሳይተው ቅጹን ያስሞሉ። ፊዩሚቺኖ ላይ ቅጹ በጉምሩክ መጽደቅ ያለበት ሻንጣው ለአየር መንገዱ ከመሰጠቱ በፊት ነው፤ ዕቃውን ሊያዩት ስለሚችሉ። ሻንጣው ከሄደ በኋላ ቅጹን ይዞ የሚቆም ሰው ገንዘቡን አያገኝም፤ ስለዚህ ከበረራው ሦስት ሰዓት ተኩል ቀድመው ይድረሱ።