ሲምሊንክ ያለበት ፎልደር ኮፒ ስታደርጉ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ባሕር ዳር ላይ ለሎጆችና ለጀልባ አስጎብኚዎች ድረ ገጽ የምትሠሩ ልጆች፣ ሰርቨራችሁን በአንሲብል ወይም በፓፔት (ሰርቨርን በኮድ የሚያዋቅሩ መሣሪያዎች) የምታስተዳድሩ ከሆነ ይቺን አንብቧት። ሲምሊንክ፣ ባጭሩ ሊንክ፣ ወደ ሌላ ፋይል ወይም ፎልደር የሚያመለክት አቋራጭ ነው።

ትልቁ ስህተት መሣሪያው የሚወስደው ሊንኩን ነው ወይስ ሊንኩ የሚያመለክተውን ፋይል ብሎ አለመጠየቅ ነው። መልሱ በየመሣሪያው ይለያያል። የአንሲብል ኮፒ ሞጁል (ፋይል ወደ ሰርቨር የሚገለብጠው ክፍል)፣ ካልከለከላችሁት በቀር፣ ላፕቶፓችሁ ላይ ያለውን ሊንክ ተከትሎ ይዘቱን ያነሳል። ሲንክሮናይዝ የሚባለው የአንሲብል ሞጁል ግን ከሥሩ አርሲንክ (ፋይል ማመሳሰያ ፕሮግራም) ስለሆነ ሊንኩን እንደ ሊንክ ያሻግራል። ፓፔትም ዝም ካላችሁት ሊንኩን ራሱን ነው የሚያየው።

ፕሮጀክታችሁ ውስጥ «ፎቶ» የሚባል ሊንክ አለ እንበል፤ የሚያመለክተውም የዘጌ ገዳማትንና የጢስ ዓባይን ፎቶ ወዳጠራቀማችሁበት ሌላ ፎልደር ነው። በኮፒ ስትልኩት ፎቶው በሙሉ ይጫናል፣ ኮፒ ደግሞ ለብዙ መቶ ፋይል ስላልተሠራ ይንቀረፈፋል፣ ዳታችሁም ያልቃል። «ሎካል ፎሎው» የሚባለውን የኮፒ ምርጫ «ኖ» ብታደርጉት ሊንኩ ብቻ ይሄዳል፤ ግን አድራሻው ከላፕቶፓችሁ ሆም ፎልደር የሚጀምር ከሆነ ሰርቨሩ ላይ ያ ቦታ የለምና ሊንኩ የትም አያደርስም። ስለዚህ ሊንኩን አትላኩት። እዚያው ሰርቨሩ ላይ በፋይል ሞጁል፣ ስቴቱን «ሊንክ» ብላችሁ ፍጠሩት።

ኢንጂንኤክስ (ድረ ገጹን ለጎብኚዎች የሚያቀርበው ፕሮግራም) ላይ ያለው ደግሞ ሰውን በጣም ያለፋል። ኡቡንቱ ላይ ሳይትስ ኢነብልድ (ኢንጂንኤክስ የሚያነበው የድረ ገጾች ቅንብር ፎልደር) ውስጥ ያሉት ብዙ ጊዜ ዋናዎቹ የቅንብር ፋይሎች ወዳሉበት ወደ ሳይትስ አቬይለብል የሚያመለክቱ ሊንኮች ናቸው። ፎልደሩን በኮፒ ስታስተላልፉት ተራ ፋይል ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ አቬይለብል ውስጥ ያለውን ብታርሙ፣ ሪሎድ ብታደርጉ፣ ምንም አይለወጥም፤ ስህተት የሚል መልእክትም አይመጣላችሁም።

መድረሻው ራሱ ሊንክ ሊሆን እንደሚችልም አትርሱ። የኡቡንቱ ሪዞልቭ ዶት ኮንፍ (የዲኤንኤስ ቅንብር ፋይል) ወደ ሲስተምዲ ሪዞልቭድ (ዲኤንኤስን የሚያስተናግደው ፕሮግራም) ፋይል የሚያመለክት ሊንክ ነው። እላዩ ላይ ኮፒ ካደረጋችሁ፣ «ፎሎው» (መድረሻው ላይ ያለን ሊንክ የመከተል ምርጫ) በራሱ «ኖ» ስለሆነ፣ ሊንኩ ጠፍቶ በቦታው ተራ ፋይል ይቀመጣል። አውቃችሁ ካደረጋችሁት ችግር የለውም።

አርሲንክ ላይ መጨረሻዋን ስላሽ (/) ልብ በሉ። ወደ ፎልደር የሚያመለክት ሊንክ ስም ጫፍ ላይ ስላሽ ካለች ውስጡ ያለው ይሄዳል፣ ከሌለች ሊንኩ ብቻ።

ስትጨርሱ ሰርቨሩ ላይ ገብታችሁ «ኤልኤስ ሰረዝ ኤል» በሉ፤ ቀስት ያለው ሊንክ ነው። የተሰበሩትን ሊንኮች ለማውጣት ደግሞ ፋይንድን «ሰረዝ ኤክስታይፕ ኤል» ብላችሁ አስኪዱት።